በውሃ የጠበቀ ዶማ

የልጅ ልጄ ግራ ቅልጥም ላይ አንድ ጠባሳ አለ። የትንሽ ጣት ርዝመት ያህላል፤ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል። እንግዳ ሲመጣ ሱሪውን ሰብስቦ ያሳያል፤ «እማማ ናት በዶማ የመታችኝ» ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም። እውነቱን ነውና።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ዶማዬ ከእጀታው ላልቶ ነበር። ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌው አደርኩ። ጠዋት ሳወጣው ጥብቅ ብሏል፤ ደስ አለኝ። ከልጁ ጋር ወደ ጓሮ ወጣን። እኔ የድንቹን መደብ ስቆፍር እሱ ከፊቴ ድንጋይ ይለቅማል። የደሃና ጓሮ ድንጋይ ተለቅሞ እንደማያልቅ የአገሬ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ካቻምና የለቀማችሁት ዘንድሮ ወልዶ ይጠብቃችኋል። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ከዚያ በአንዱ ስንዘራ ዶማው እጄ ላይ ቅልል አለኝ። እጀታው ብቻ ነው የቀረው። ብረቱ በሮ ሄዷል። ልጁ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ሲደማ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። የዚያን ቀን ግን ተንቀጠቀጠ።

ወደ ቁስሉ በኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ስለ ዶማው ላውራ፤ ምክንያቱም ልጁን ያቆሰለው የእኔ ጥገና ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ብረቱ ግን አይሰፋለትም። ማበጫ ያጣው እንጨት ቀዳዳው ውስጥ እርስ በርሱ ይጨፈለቃል። ሲደርቅ መልሶ ይኮማተራል፤ ግን የተጨፈለቀው ስላልተነሣ ከበፊቱ የቀጠነ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዶማ በዘፈዘፍነው ቁጥር ለዛሬ ጠዋት አጥብቀን ለነገ እናላላዋለን ማለት ነው። በእኛ አገር ደረቅ አየርና በቀትር ፀሐይ ደግሞ «ነገ» እስከ ስድስት ሰዓት አይቆይም።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነበር። የዶማ ቀዳዳ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። እጀታውም አንድ ጫፉ ወፍራም ሆኖ ከላይ ገብቶ ወደ ታች መጎተት አለበት። ያኔ በምትሰነዝሩ ቁጥር ብረቱ ወደ ወፍራሙ ጫፍ እየተገፋ ራሱን ያጠብቃል። እኔ ግን ቀጠን ያለ የባሕር ዛፍ ዱላ ከታች አስገብቼ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ጠቅጥቄ፣ በላዩ ሚስማር መትቼበት ነበር። እንዲህ ያለው እጀታ በእያንዳንዱ ስንዘራ ብረቱን ወደ ውጭ ይገፋል። አንድ ቀን መብረሩ አይቀርም ነበር፤ ልጁ ፊቱ ላይ አለመመታቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

አሁን ግንቦት እየተገባደደ ነው። የእኛ ክረምት አጭር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ካመለጠ ዓመቱ አመለጠ። ጥርና የካቲት ላይ እርከን ሲሠራ የተሰበረው ዶማና አካፋ ሁሉ በየቤቱ ጥግ እንደተወረወረ ነው። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ተነሥታችሁ ያንን ጥግ ብታዩ ደስ ይለኛል።

ስለ አንድ የተሰበረ እጀታ ጋዜጣ ላይ መጻፍ የሚያስገርማችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ሲያውጅ እኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። በ2030 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ መቀንጨር እንዳይኖር ማድረግ ነበር ዓላማው። በዞናችን ዋና ከተማ ስም መጠራቱ አኩርቶንም አሳፍሮንም ነበር። ለጤናው ብቻ ሳይተው ግብርናውም፣ ውሃውም፣ ትምህርቱም አብረው እንዲሠሩ ነው የታሰበው። የጓሮ አትክልት ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ ነበር፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። የእናቶችን ስብሰባ ስንቱን እንደመራሁ እግዜር ይወቀው። የአትክልቱን ሥዕል እያሳየሁ ስለ ቫይታሚን አወራለሁ። «መቆፈሪያ አላችሁ ወይ?» ብዬ የጠየቅኩበት አንድ ስብሰባ ግን ትዝ አይለኝም።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ከወረደ ወዲህ ሁለት የልጅ ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ታናሺቱ ክንዷ ቀጭን ነው፤ ጡረታ ብወጣም ዓይኔ የልጅ ክንድ መለካቱን አልተወም። ሦስት ወር ሙሉ ቡና በጠጣን ቁጥር ስለ ጎመን ነገርኳቸው። «እሺ» ይሉኛል። ጓሯቸው ግን ጦሙን ያድራል። በመጨረሻ ታክቶኝ «እትዬ፣ ምነው እምቢ አሉኝ?» አልኳቸው። ምንም ሳይመልሱ ቤት ገብተው መኮትኮቻ ይዘው ወጡ። እጀታው ከአንገቱ ተሰብሮ ጉማጁ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ብረቱም ከቀዳዳው ጥግ ተሰንጥቋል።

«ሲስተር፣ በጥፍሬ ልቆፍር?» አሉኝ።

መሬቱም፣ ዘሩም፣ ፈቃዱም ነበራቸው። የጎደለው አንድ ክንድ ተኩል እንጨት ነበር። መኮትኮቻውን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ስሄድ የእኔም ዶማ ያኔ ከአደጋው በኋላ ሳይጠገን እንደተቀመጠ ትዝ አለኝ። ሁለቱን አብሬ ያዝኩ። የሟች ባለቤቴ መጥረቢያ፣ መጋዝና ሞረድ ከሳጥን ወጡ። ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ እሱ ሲሠራ ያየሁት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ተሳስቼ የተማርኩት።

ትልቁ ነገር እንጨቱ ነው። ለእጀታ ወይራን የሚያህል የለም፤ ይከብዳል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ግን ለአንድ እጀታ ብላችሁ የቆመ ወይራ አትቁረጡ። ቅርንጫፍ ይበቃል፤ እሱም ከራሳችሁ ማሳ ከሆነ። በየገደላገደሉ የሚበቅለው ክትክታ ቀጥ ያለ ከተገኘ ለመኮትኮቻና ለመጥረቢያ እጀታ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ በየቤቱ አለ፤ ያውካል የሚባለው እርጥቡ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ዛሬ ቀጥ ብሎ ገብቶ በሳምንቱ ይጣመማል ወይም ከጫፉ ይሰነጠቃል። የትኛውንም ብትመርጡ ጉጥ የሌለውን ምረጡ፤ እጀታ የሚሰበረው ጉጡ ላይ ነው። ከወፍራም ግንድ የተፈለጠ ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ እንጨት ሲፈለጥ የራሱን ጭረት ተከትሎ ስለሚከፈል ቀጥ ያለውን ከጠማማው ራሱ ይለይላችኋል።

ከዚያ ማድረቅ ነው። በፀሐይ አይደለም፤ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ። ልጡን አትላጡት፤ ቀስ ብሎ ይድረቅ። እንጨት ቶሎ የሚደርቀው በሁለቱ ጫፎቹ ነው፤ ስንጥቁም የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ ጫፎቹን ሰም ቀቡ። ማር አገር ሆነን ሰም አጣን እንደማትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከሌለ እበት ለቅልቁት። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ይቆይ። ስለዚህ ለዘንድሮ ክረምት የሚሆነው መቆረጥ የነበረበት ጥር ላይ ነው። ካልተቆረጠ ከጎረቤት ቆጥ ላይ የደረቀ ለምኑ፤ የከርሞውን ደግሞ ዛሬ ቁረጡ። እኔም ለጎረቤቴ ያገኘሁት ከራሴ ቆጥ ላይ ባለቤቴ ትቶት የሄደውን ወይራ ነው። ስንት ዓመት እዚያ እንደቆየ አላውቅም፤ ስጠርበው እንደ አዲስ ሸተተኝ።

ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ጉማጅ ለማውጣት ብዙ ሰው ብረቱን እሳት ውስጥ ይጥላል። አታድርጉት። አንጥረኛው ብረቱን አግሎ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያጠነከረው ስለቱን ነው። እሳት ውስጥ መልሳችሁ ስታግሉትና ዝም ብሎ ሲበርድ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ስለቱ ድንጋይ ሲነካ የሚታጠፍ ይሆናል። ጉማጁን ከጠባቡ በኩል በወፍራም ቡሎን እየመታችሁ ወደ ሰፊው በኩል ግፉት። እምቢ ካለ መሐሉን በጋለ ሚስማር ሁለት ሦስት ቦታ ብሱት፤ ያኔ ይፈርሳል።

እጀታውን ስትጠርቡ አትቸኩሉ። ባለቤቴ የቀዳዳውን ውስጥ በምጣድ ጥላሸት ይቀባ ነበር። እጀታውን አስገብቶ ትንሽ ይመታና መልሶ ያወጣዋል፤ ጥላሸት የነካው ቦታ ጥብቅ ያለበት ነውና እሱን ብቻ ይፍቃል። እንደገና ያስገባል፤ እንደገና ይፍቃል። ልጅ እያለሁ ጫማ የምለካ ይመስለኛል ሥራው። እንጨቱ ዙሪያውን እኩል ሲጠቁር ልኩ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ጨርቅም ሚስማርም አያስፈልገውም። የመጥረቢያ ዛቢያ ከሆነና ከታች የሚገባ ከሆነ ግን ጫፉ ላይ በመጋዝ ስንጥቅ አውጡና ከብረቱ በላይ ብቅ ሲል በደረቅ የወይራ ሽብልቅ ሰንጉት። ሽብልቅ እንጨቱን በሁለት ወገን ከፍቶ ያጠብቃል። ሚስማር ግን ይሰነጥቃል እንጂ አያጠብቅም፤ ይህን በልጄ ልጅ እግር ከፍዬ ነው ያወቅኩት።

እጀታው ካለቀ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ካላችሁ አለስልሱት፤ ከሌለ በቢላ ጀርባ ፋቁት። የተሰበረ ብርጭቆ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጥሩ ያለሰልሳል፤ ግን የተቆረጠ ጣት ስንት ጊዜ እንዳሰርኩ ስለማውቅ ለልጅ አትስጡ። ከዚያ ሞራ ወይም የተልባ ዘይት ቀቡት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቃጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ለብረቱ ዝገት ይከላከላል፤ እጀታ ላይ ግን አትቀቡ። ቀኑን ሙሉ እጃችሁ ላይ ነው የሚውለው፤ ቆዳ ይጎዳል።

ስለ እጀታ ርዝመት ሳልናገር አላልፍም። የእኛ አገር መኮትኮቻ እጀታው አጭር ነው፤ እናቶቻችን ሁለት ተኩል ታጥፈው ነው የሚኮተኩቱት። ስንት ጀርባ አሽቻለሁ፣ ስንት የሕመም ማስታገሻ ሰጥቻለሁ፤ እጀታውን አስረዝሙት ያልኩት ሰው የለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች በአጭር መኮትኮቻ ጎንብሰው እየዋሉ ወገባቸው ይጎዳ ነበር። ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. አጭሩ መኮትኮቻ ተከለከለ። ረጅሙም ያንኑ አረም ይነቅላል። እኔ ለጎረቤቴ የሠራሁት ቀጥ ብለው ሲቆሙ ደረታቸው ላይ የሚደርስ ነው። ውፍረቱም በእጅ ልክ ይሁን፤ ስትጨብጡት የጣቶቻችሁ ጫፍ መዳፋችሁን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ጥሩ ነው። የወፈረ ክንድ ያደክማል፤ የቀጠነ ደግሞ ይሽከረከርና እጅ ያሳብጣል።

ብረቱ ከተሰነጠቀ ግን የቤት ሥራ አይደለም። ወደ አንጥረኛ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ ደግ ሰው ነበረች፤ የቀጥቃጭ ቤት ግን አታስጠጋንም ነበር። «ዓይናቸው ያርፍባችኋል» ትላለች። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ዶማው፣ የምንበላው ሁሉ በእነሱ እጅ አልፎ የመጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን ለማሰብ ትንሽ ነበርኩ። አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኔ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ከዚያ አዋጅ ሰባና ሰማንያ ዓመት በኋላ እንኳ፣ የቀጥቃጭ ቤተሰብ ታማሚ ይዞ ሲመጣ ወረፋ ላይ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ። አንዳንዱ ታማሚ ሲብስበት ቤቱ ይቀራል እንጂ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ አይፈልግም ነበር። ይህን ለልጅ ልጆቻችሁ እንዴት አድርጋችሁ እንደምትነግሩ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የእኔን ልጅ ይዤው ነው የሄድኩት።

ወናፉን እንዲነፋ ፈቀዱለት። ከሰሉ ሲግል ፊቱ አብሮ ጋለ። አንጥረኛው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ብረት አውጥተው፣ መስፉ ላይ አድርገው፣ የመኮትኮቻውን ስንጥቅ ከማያያዝ ይልቅ አዲስ ምላስ ቀጥቅጠው አወጡ። ከገበያ የሚገዛው አንዳንዱ ስስ ላሜራ ስለሆነ በመጀመሪያው ድንጋይ ይታጠፋል፤ ባሌስትራው ግን የተሸከመው መኪና ነበርና ድንጋያችንን አይፈራም። ዶማዬንም አሳየኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ሲስተር፣ እናንተ ጤና ጣቢያ ሰው ከባሰበት በኋላ ነው የሚመጣ ትሉ የለ? ብረቱም እንደዚያው ነው፤ ሲላላ ሳይሆን ሲሰበር ነው የምታመጡልን» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ዋጋ አልተከራከርኩም።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። የአካፋ እጀታ የሚወድቀው ብረቱን የያዘው ሚስማር ሲያልቅ ነው፤ ወፍራም ሚስማር አሳልፋችሁ የወጣውን ጫፍ ቆርጣችሁ ቀጥቅጡት። የማጭድ ጅራት ከእጀታው ሲወጣ ጅራቱን ብቻ አግላችሁ በደረቅ እንጨት ውስጥ እያቃጠለ እንዲገባ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። የተሰነጠቀ የሬክ ወይም የአካፋ እጀታ በእርጥብ ጠፍር ይታሰራል፤ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተርና አጥብቆ ይይዛል። የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ መጠምጠምም ለጊዜው ይሆናል። ለሚሰነዘር ዶማና መጥረቢያ ግን በጠፍርም በከመነዳሪም አትመኑ፤ የተሰነጠቀ የዶማ እጀታ ማገዶ ነው። ስለት ስትሞርዱ በአንድ አቅጣጫ ግፉ፤ መነጽር ካላችሁ አድርጉ። መጥረቢያን በመጥረቢያ አናት አትምቱ፤ ጠንካራ ብረት ከጠንካራ ብረት ሲጋጭ ቁራጭ ይፈናጠራል። ዓይን ውስጥ ብረት የገባበትን ሰው አታሹት፣ በመሐረብ ጫፍም አትፈልጉለት፤ ዓይኑን በንጹሕ ነገር ጋርዳችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

አሁን ወደ ቁስሉ። የልጁን እግር በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብዬ ያዝኩት፤ ደሙ እስኪቆም። ከዚያ ፈልቶ በበረደ ውሃና በሳሙና ለረጅም ጊዜ አጠብኩት፤ አለቀሰ፣ አላዘንኩለትም። አፈር የገባበት ቁስል መዳኛው መታጠብ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዷ የቡና ዱቄት፣ አንዱ አመድ ይዘው መጡ። እበትም የሚለጥፍ አለ። እባካችሁ፣ ምንም ነገር አትነስንሱበት። ሐኪም ከማየቱ በፊት የሚደረግ ማጠብና ማሰር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ዝገት ነው መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣ ይላል። ዝገቱ አይደለም። የበሽታው ዘር አፈርና የከብት እበት ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቀመጣል፤ ጥልቅና አየር የማያገኝ ቁስል ሲያገኝ ያኔ ይነቃል። እበት በምንደፋበት ጓሮ የዋለ ዶማ ብረቱ ቢያብረቀርቅም አደገኛ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሦስት ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ውስጥ ነው፤ ቁስሉ ሲደርቅ፣ ሰውየው ሲረሳው።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ ገበሬ መጣ፤ ጎልማሳ ነበር። አፉ አልከፈት አለው። ሚስቱ «ጥርሱን ነው» አለች። እግሩን ሳየው ሊድን የተቃረበ ትንሽ የዶማ ቁስል ነበረበት። ክፍሉን አጨለምን፤ በሩ ሲንኳኳ እንኳ ሰውነቱ እንደ ቀስት ይገተር ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተ። እስከ መጨረሻው አእምሮው አልጠፋም ነበር፤ እሱ ነው ከሁሉ የከበደኝ።

ዛሬ እንዲህ ያለው ሞት ቀንሷል። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ሕፃናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይከተባሉ፤ እናቶችም በእርግዝናና በመውለጃ ዕድሜያቸው ይከተባሉ። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ግን አስቡት፤ ከ1972 በፊት የተወለደ ወንድ መቼ ይከተባል? ሕፃን ሳለ ክትባቱ አልነበረም፤ አርግዞ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ዶማ የሚይዘው ደግሞ እሱ ነው። አያቶች ሆይ፣ የምላችሁ ለእናንተ ነው። የልጅነት ክትባትም ቢሆን ዕድሜ ልክ አይዘልቅም፤ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ስትቆስሉ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ቁስሉን ስታሳዩ «የመንጋጋ ቆልፍስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔን ልጅ የሰፋችለት ወጣት ነርስ ሳልጠይቃት ነው የክትባት ካርዱን የጠየቀችኝ። ከቤት አምጥቼ አሳየኋት፤ ማጠናከሪያውን ወጋችው። ካርዱን አትጣሉ።

መኮትኮቻውን ያለፈው ማክሰኞ ለጎረቤቴ መለስኩላቸው። ልጁ ነው የተሸከመው። ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት፤ በመሬቱ ሁለቴ ሞከሩት። ርዝመቱ ትንሽ አስገረማቸው፤ ቀጥ ብሎ መኮትኮት ስንፍና መሰላቸው መሰለኝ። ከዚያ የጓሯቸውን አንድ ጥግ፣ ለጎመን የሚሆነውን፣ እዚያው ቆፈሩ። ታናሺቱ ከኋላቸው ሆና ትል ትለቅማለች።

ልንሄድ ስንነሣ «ሲስተር፣ እንዳይላላብኝ ማታ ውሃ ውስጥ ልዘፍዝፈው?» አሉኝ።

ልጁ ከእኔ ቀድሞ ሱሪውን ሰበሰበ።